ትራክተር የተደረገው ሁንዴ

ጉዲቱ መርጋ ስትናደድ አትጮህም፤ ዝም ብላ ትሰፋለች። ናዝሬት ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ በነበረው የልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ይህን የማያውቅ አልነበረም። የስፌት መኪናዋ "ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ" ሲል ደህና ነች ማለት ነው። "ጠቀጠቀጠቀጠቅ" ካለ ግን ከአጠገቧ ገለል ማለት ነው። አብራት የምትሠራው የሺዓለም ለደንበኛ ሁሉ፣ "መጀመሪያ መኪናዋን ስሙ፣ ከዚያ ግቡ" ትል ነበር። እንግዲህ በ1978 ዓ.ም. ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ አዲሱ ዓመት ድረስ ያ መኪና አንድ ቀን እንኳ ቀስ ብሎ አልሄደም። አምስት ወር ሙሉ! እንዴት ያለ ቂም ነው እናንተ! አምስት ወር ሙሉ ሲሰፋ የከረመ ቂም!

ከሥሩ ልንገራችሁ።

ጉዲቱ የዓለም ጤና ከተማ ልጅ ናት። ሽንኩርት ማሳ መሀል ነው ያደገችው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ገበያ ላይ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ስታወራ አፏ እንደ ወፍጮ ሆነ። ወደ ናዝሬት ያመጣት ታላቅ ወንድሟ ሁንዴ ነው። ሁንዴ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት ፊያት ሹፌር ነበር፤ ከናዝሬት አሰብ፣ ከአሰብ ናዝሬት። እሷን ደግሞ ከፍሎ ስፌት አስተማራትና ማኅበሩ ውስጥ አስገባት።

"እንግዲህ ሁለታችንም መኪና ነጂ ሆንን" ትለው ነበር። "ልዩነቱ እኔ ስነዳ ውዬ የትም አልደርስም።"

"አንቺ ምን አለብሽ፣ ጎማሽ አይፈነዳ!" ይላታል።

ሁንዴ ከአሰብ በተመለሰ ቁጥር ካሴት ይዞላት ይመጣል። አንድ ጊዜ ያመጣው ግን ከሌላው ሁሉ ይለያል። ወደብ ላይ የተዋወቀው ሴኔጋላዊ መርከበኛ የሰጠው ነው። በአንደኛው ፊት አሜሪካኖች አሉበት፤ ያኔ እኛ ጭፈራውንም ዘፈኑንም በአንድ ላይ "ብሬክ ዳንስ" የምንለው፣ ከበሮ እየተመታ ሰውየው ዝም ብሎ የሚያወራበት ዘፈን። በሌላኛው ፊት ግን የዳካር ልጆች ናቸው። ቤት ውስጥ የቀዱት ነው፤ መሀል ላይ ዶሮ ሲጮህ ሁሉ ይሰማል።

"እነዚህ እንግሊዝኛ አይደለም የሚናገሩት" አለች ጉዲቱ፣ ጆሮዋን ቴፑ ላይ ለጥፋ።

"የሀገራቸው ቋንቋ ነው። የሰፈራቸውን ስም እየጠሩ፣ ጠላታቸውን በስሙ እየጠሩ ነው አሉ የሚያወርዱበት።"

"በራስ ቋንቋም ይቻላል እንዴ?"

"አንቺ ስትሳደቢ በማን ቋንቋ ነው?" አላት ሁንዴ።

ያን ካሴት በሰጣት በሦስተኛው ወር፣ ጥር ላይ፣ መኪናው ከሚሌ ወዲህ ተገለበጠ። ሁንዴ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ለቅሶው ላይ አልቃሽ መጣች። ጎበዝ አልቃሽ ናት፤ ግን ዜማዋ ይጎተታል። ጉዲቱ ጥግ ተቀምጣ እንባዋ ይወርዳል፣ በልቧ ደግሞ ትቆጣለች። ሁንዴ በሕይወቱ ቀስ ብሎ ያደረገው አንድ ነገር የለም። ሲበላ ይፈጥናል፣ ሲያወራ ይፈጥናል፣ ሲነዳማ አይነሳ። "ይሄ የሌላ ሰው ለቅሶ ነው" አለች፤ "የወንድሜ አይደለም።"

ወደ ሥራ ስትመለስ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯ መርገጫውን ሲረግጥ፣ አፏ ከእግሯ ጋር አብሮ መሄድ ጀመረ። የከተማው የኪነት ቡድን ከበሮ መቺ መርዳሳ የተቀደደ ሸሚዝ ሊያስጠግን መጥቶ ሰማት። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ባዶ ጀሪካን ይዞ መጣና ገልብጦት አጠገቧ ቁጭ አለ። የሺዓለም በሩን ዘጋች። የዳካር ልጆች በጨረሱበት፣ ከካሴቱ ጫፍ ላይ በተረፈው ባዶ ቦታ ላይ ቀዱት።

ወለንጪቲ ቆሞ ሻዩን ሳይጨርስ፣ ሁንዴ!
መተሐራ ደርሶ ጎማውን ሲያለብስ፣ ሁንዴ!
አዋሽ ሰባት ወርዶ ላቡን በክንዱ ሲያብስ፣ ሁንዴ!
ገዋኔ ላይ ማን አየው? ሚሌ ላይ ማን ጠራው?
መኪና ሲነዳ ኖሮ መንገድ ነው የነዳው።

ግጥሙ እንዲህ እያለ እስከ አሰብ ይወርዳል። በየከተማው "ሁንዴ!" ስትል ከመንገድ ማዶ የምትጠራው ነው የሚመስለው። የሺዓለም ጨርቅ አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከዚያ ጨርቁን አንሥታ፣ "ውይ፣ እንዲህ ያለ ጉድ! እያለቀስኩ እግሬ አልቆም አለኝ እኮ!" አለች። ጉዲቱ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አሁን ጓድ ሰብስቤ ይግባ።

ጓድ ሰብስቤ ከቀበሌዎቹ በላይ ባለው አስተዳደር፣ በከፍተኛው፣ የኪነት ኃላፊ ነበር። ከአዲስ አበባ ተመድቦ ከመጣ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። "አዲስ አበባ እኮ…" ሳይል ንግግር አይጀምርም። ኦሮምኛ ትሰማለህ ወይ ሲሉት፣ "አካም እና ነጋ፤ ሁለቱ ሰላምታዎች ይበቁኛል" ብሎ ይስቃል። ልጆቹ ልምምድ ላይ በኦሮምኛ ሲሳሳቁ ግን አይስቅም። "እኔን ነው" ብሎ ጠረጠረ። ተጠራጥሮም አልቀረ፣ ደንብ አወጣ፦ በልምምድ ሰዓት ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ማውራት ክልክል ነው። መድረክ ላይ በኦሮምኛ መዝፈን ይቻላል፤ ማውራት ነው የማይቻለው! ይህቺን ደንብ ያዙልኝ፤ በኋላ እሱኑ ጉድ አድርጋዋለች።

መጋቢት ላይ ለቡድኑ ልብስ ሊያዝዝ ወደ ማኅበሩ መጣ። ቴፑ ተከፍቶ ነበር።

"ምንድነው ይሄ?"

"የእኔ ነው ጓድ። ለወንድሜ ያወጣሁት ነው።"

ሰብስቤ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። አንድም "ነፍስ ይማር" አላለም። "ለአንድ ቀን ስጪኝ እስቲ፣ በደንብ ላዳምጠው" አለ። ኃላፊ ነው፤ እምቢ አይባል። ሰጠችው።

ካሴቱም በዚያው ቀረ።

ሚያዝያ 23፣ የላብ አደሮች ቀን። ጉዲቱ ከሴቶች ማኅበር ሰልፍ ውስጥ ናት፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከድምፅ ማጉያው ከበሮ መጣ። በከበሮው ነው ያወቀችው፤ የጀሪካኑ ምት ነው። ከዚያ የሰብስቤ ድምፅ፦

ወለንጪቲ ቆሞ እርሻውን ሳይጨርስ፣ ትራክተር!
መተሐራ ደርሶ ጎማውን ሲያለብስ፣ ትራክተር!

ጉዲቱ ባንዲራዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የኋላዋ ሴት "ሂጂ እንጂ እህቴ፣ ሰልፉን አታቁሚ!" ብላ ገፋቻት። መድረኩን ስታልፍ መርዳሳ ከከበሮው ላይ አንገቱን ቀና አላደረገም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ገባች።

"ካሴቴን፣ ጓድ።"

"የቱን ካሴት?"

"ወንድሜ ያለበትን።"

"እሱ ካሴት እኮ የኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ ነው ያለበት። ይዘሽው ብትገኚ ምን እንደሚያመጣብሽ ታውቂያለሽ? ሸሽጌልሽ ነው። ማመስገን ነበረብሽ።"

"ግጥሙስ? ግጥሙ የእኔ ነው።"

"የእኔ!" አለና ጠረጴዛውን በእርሳስ መታ። "የእኔ፣ የእኔ ማለት ቀረ እኮ ጉዲቱ! ኪነት የሕዝብ ነው።"

"የሕዝብ ከሆነ የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ 'ድርሰት፦ ጓድ ሰብስቤ' የሚለው ምንድነው?"

"አንድ ሰው መፈረም አለበታ!"

ጉዲቱ ይህንንም ዋጠችው። አንድ ነገር ብቻ ቀራት። "እሺ። ሁንዴን ግን ለምን አወጡት?"

"ሁንዴ ማነው?" አለ ሰብስቤ። ለክፋት እንኳ አልነበረም የጠየቀው፤ የምር ግራ ገብቶት ነው። "ሕዝቡ ሁንዴን አያውቀውም። ትራክተርን ግን ሁሉም ያውቀዋል።"

ወጣች። መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ስድስት ሱሪ ሰፋች። የሺዓለም ቆጥራለች። አራቱ የቀን ሥራዋ ነው፤ ሁለቱ ንዴት ነው።

ሐምሌ ላይ የባሰ ወሬ መጣ። መስከረም 2፣ በአብዮቱ በዓል፣ የአካባቢው ኪነት ቡድኖች ሁሉ ናዝሬት ላይ ይወዳደራሉ። ያሸነፈው ሥራ አዲስ አበባ ተወስዶ በሬዲዮ ይቀረጻል። የሰብስቤ "ትራክተር" እንደሚያሸንፍ ደግሞ ማንም አልተጠራጠረም፤ እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልተሰማማ!

"አንዴ በሬዲዮ ከወጣ አለቀ" አለች ጉዲቱ ለየሺዓለም። "አገሩ ሁሉ በቃሉ ይይዘዋል። ዓለም ጤና ያለችው እናቴ ሳትቀር ሬዲዮ ከፍታ 'ትራክተር' ስትል ልትሰማ ነው። ሁንዴ ትራክተር ሆኖ ቀረ ማለት ነው።"

"ምን ታደርጊዋለሽ? ኃላፊ ነው።"

"ከአፉ አስጥለዋለሁ።"

"እንዴት አድርገሽ?"

"አላውቅም። ግን አስጥለዋለሁ።"

እንዴት እንደሆነ ያሳያት ሰብስቤ ራሱ ነው። ነገሩን ስታጤን፣ ሰውየው የሰረቀው የእሷን ብቻ አልነበረም። የመርዳሳን ምት ወስዶ "የእኔ ቅንብር" ብሏል። የሺዓለም የቀለደችውን ቀልድ በሳምንቱ ስብሰባ ላይ እንደራሱ አድርጎ ሲያወራ ተሰምቷል። ሰው ሲያወራ ዓይኑ ሌላ ቦታ ያያል፣ ጆሮው ግን ኪስ አለው። ያገኘውን ከትቶ ይወጣል። "እንግዲያው" አለች ጉዲቱ፣ "ለዚህ ሰውዬ መስጠት አያስፈልግም። ማስቀመጥ ነው፤ እሱ ራሱ ያነሣዋል።"

ነሐሴ ላይ ለውድድሩ ቀይ የሚያብረቀርቅ ሱሪ ሊለካ መጣ። ነጭ ጓንትም አዟል፤ እንደ ካሴቱ ልጆች። በርጩማ ላይ ቆመ። ጉዲቱ ከእግሩ ሥር ተንበርክካ፣ ስፒሎቹን በጥርሷ ይዛ፣ ጫፉን እየሰካች፣ ለራሷ እንደምታንጎራጉር ሆና በምት ታጉተመትማለች፦ "ሃቱ… ሃቱ… ሃ! ሃቱ…"

ለማያውቅ ልንገር። ሃቱ በኦሮምኛ ሌባ ማለት ነው። ናዝሬት ውስጥ ኦሮምኛ የማይችል ሰው እንኳ ይህቺን ቃል ያውቃታል፤ ገበያ ላይ ኪሱ የተዳሰሰ ሁሉ የሚጮኻት ቃል ናታ! ለማወቅ አንዴ መሰረቅ ይበቃል። ጓድ ሰብስቤ ግን በሁለት ቃል የተብቃቃ ሰው ነው። ተሰርቆም አያውቅም፤ እሱን ማን ይሰርቀዋል?

"ምንድነው የምትይው?" አለ ከላይ።

"ምንም።"

"ሰምቻለሁ እኮ። ሃ… ሃቱ?"

ጉዲቱ እንደ መደንገጥ አለች። "ጓድ፣ በእናትዎ! ለማንም አይንገሩብኝ። ለራሴ ያቆየሁት ነው።"

"ከየት አመጣሽው?"

"ካሴቱ ላይ አሜሪካኖቹ 'ዋን፣ ቱ' ይሉ የለ? እሱ አርጅቷል አሉ። አሁን ምን እንደሚባልማ እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ፤ የአዲስ አበባ ሰው እርስዎ!"

አላውቅም ማለት ለሰብስቤ ከበርጩማው ላይ ከመውደቅ ይብሳል።

"እ… እሱንማ!" አለ። "ሃቱ! እሱንማ ድሮ ነው የምናውቀው። አዲስ አበባ እኮ ትልልቁ ሆቴል ሲጨፈር ሰው ሁሉ ሃቱ፣ ሃቱ ነው የሚለው። እዚህ ዘግይቶ ደርሶ ነው።"

የጉዲቱ አፍ ውስጥ ስድስት ስፒል ነበር። ከሳቅ ያዳኗት እነሱ ናቸው። የሺዓለም ግን ስፒል አልያዘችም፤ "መቀሴ የት ገባ?" ብላ ጠረጴዛ ሥር ገባችና እዚያው ቀረች። ሰብስቤ ከፍሎ እስኪወጣ ድረስ መቀሱ አልተገኘም።

በሦስተኛው ቀን መርዳሳ እየሮጠ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ መናገር አቅቶት ግድግዳ ያዘ።

"አንቺ ነሽ? አንቺ ነሽ አይደል?"

"ምን አደረግኩ?"

"ዛሬ ልምምድ ላይ 'አዲስ አዝማች አምጥቻለሁ፣ ከአዲስ አበባ' አለን። 'እኔ ማነኝ? ስላችሁ፣ ሃቱ! በሉ' አለ። እኛ ክው! ማንም አልተነፈሰም። 'ምን ሆናችሁ፣ በሉ እንጂ! እኔ ማነኝ?' አለ። አልን፣ ምን እናድርግ? አልነዋ!"

"አልነገራችሁትም?"

"እጄን አወጣሁ። 'ጓድ፣ ስለዚህች ቃል ልናገር?' አልኩት። 'በአማርኛ ተናገር!' አለኝ። 'በአማርኛስ አይነገርም' አልኩት። 'በአማርኛ የማይነገር ከሆነ ዝም በል፣ ደንቡን ታውቃለህ' አለኝ።" መርዳሳ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "ጉዲቱ፣ ምን ብለሽ ነው የሰጠሽው?"

"እኔ ምንም አልሰጠሁትም።"

"ታዲያ ከየት አመጣው?"

"ከለመደበት" አለችና መኪናዋን ረገጠች።

መርዳሳ አቀርቅሮ፣ "የሚያዝያውን እኔ ላይ አትያዢብኝ" አላት።

"በመስከረሙ ከበሮህ እወስንልሃለሁ። በደንብ ምታ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡድኑ ዝም። ማኅበሩ ዝም። አሥራ ሁለት ልጅ፣ ስምንት ልብስ ሰፊ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው አፉ አላመለጠውም። ናዝሬት ውስጥ ሦስት ሳምንት የቆየ ምሥጢር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም!

መስከረም 2 ቀን 1979 ዓ.ም. ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ የኳስ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ከዓለም ጤና፣ ከመቂ፣ ከወለንጪቲ የገበሬ ማኅበራት በጭነት መኪና መጥተዋል። ዳኞቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢያቸው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ከአውራጃው የመጡ ሰው፤ የቱሉ ቦሎ ልጅ ናቸው፣ ኦሮምኛን ከእናታቸው ጡት የጠቡ። ጉዲቱ የልብስ ኃላፊ ተብላ መድረኩ ሥር፣ መርፌና ክር ይዛ ቆማለች። ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ጓድ ሰብስቤ ወጣ። ቀዩ ሱሪ ፀሐይ ላይ ተንቦገቦገ። ነጩን ጓንት አወዛወዘ፣ በአንድ እግሩ ዞረ፤ እውነቱን እንናገር፣ ጥሩ ዞረ። ወለንጪቲን አለ፣ ትራክተር። መተሐራን አለ፣ ትራክተር። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጉዲቱ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ከዚያ ከበሮው ቆመ። ሰብስቤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"እኔ ማነኝ?"

"ሃቱ!" አሉ አሥራ ሁለቱ ልጆች ከኋላው፣ ፊታቸው እንደ ድንጋይ።

ሜዳው ጸጥ አለ። ከፊት ረድፍ የዓለም ጤና ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

"ምን አለ?" አሉ አንድ አዛውንት በኦሮምኛ።

"ሌባ ነኝ አለ፣ አባባ።"

"ራሱ?"

"ራሱ።"

"ያ ዋቅ፣ አምላኬ! የዘንድሮ ሰው እንዲህ እውነተኛ ሆኗል?"

አንዲት ሴት ከት ብላ ሳቀች። ሳቁ ወደ ኋላ እንደ እሳት ሄደ። ሰብስቤ ሳቁን ደስታ ነው ብሎ ተረጎመው። ልቡ ሞላ! ወደ ሜዳው ዞሮ ጓንቱን ጆሮው ላይ አደረገ።

"ሕዝቤ! አልሰማኋችሁም! እኔ ማነኝ?"

"ሃቱ!" አለ ሜዳው።

"ማነኝ?"

"ሃቱ!"

"ይህን ግጥም ያመጣላችሁ ማነው?"

"ሃቱ! ሃቱ! ሃቱ!" ገበሬው ቆሞ፣ ሴቱ እልል ብሎ፣ የናዝሬት ሰው አማራው ኦሮሞው ጉራጌው አንድ ላይ ሆኖ። መርዳሳ ከበሮውን እንደ ጠላቱ ይደበድበዋል። ጉዲቱ አልጮኸችም። እጆቿን አጣጥፋ ቀይ ሱሪውን ብቻ ታያለች። እያንዳንዱን ስፌት እየለየች፣ "ይህን ነው የሰፋሁልህ" እንደማለት።

ሲያበቃ ሰብሳቢው ዳኛ ማይክሮፎኑን ጠየቁ። ሳቃቸውን ለመደበቅ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቆይተው ስለነበር ዓይናቸው ቀልቷል።

"ጓድ፣ ይህች 'ሃቱ' የምትለው ቃል ከየት የተወሰደች ናት?"

"ከየትም አልተወሰደችም፣ ጓድ ሰብሳቢ!" አለ ሰብስቤ፣ ላቡን በጓንቱ እየጠረገ። "የራሴ ናት!"

"የራስዎ?"

"ሙሉ በሙሉ የራሴ! ማንም አይጋራኝም!"

"እንግዲህ ራስዎ ካሉ…" አሉና ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ማይክሮፎኑን መለሱ። አጠገባቸው የነበሩት ዳኛ ሳቅ አሸንፏቸው ወረቀታቸውን ጥለው ሄዱ። ሜዳው ለሩብ ሰዓት ያህል መሥመር አልያዘም።

ያን ዕለት አንደኛ የወጣው የመቂ ቡድን ነው። ሰብስቤ ምን እንደደረሰበት ያወቀው በማግስቱ ገበያ ላይ ነው። ሽንኩርት ሻጯ ከሩቅ፣ "ጓድ ሃቱ! ይምጡ፣ መርጠው ይውሰዱ!" አለችው። ኮርቶ ተጠጋ። "ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አላት። አወቀችና ነገረችው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ማኅበሩ በር ላይ ነበር። ቀልቷል፣ ወዲያው ይገረጣል።

"አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ ይህን ያደረግሽኝ!"

ጉዲቱ ከመኪናዋ ቀና አለች። "ምን አደረግኩ ጓድ? እኔ 'ለማንም አይንገሩብኝ' ብዬ በእናትዎ ለመንኩ። የሺዓለም ምስክሬ ናት።"

"ሰምቻለሁ፣ ለምናዎታለች" አለች የሺዓለም።

"አስርሻለሁ! አብዮታዊ በዓል ማደናቀፍ ምን እንደሆነ…"

"ይክሰሱኛ። ምን ብለው ነው የሚከሱኝ? 'ሌባ የምትለዋን ቃል ከእሷ ሰረቅሁ' ብለው? ትናንት በማይክሮፎን ሙሉ በሙሉ የራሴ ናት ብለዋል፤ አገር ሰምቷል። አይ፣ ከእሷ ነው የወሰድኩት ካሉ ደግሞ፣ ሌላስ ምን ወሰድክ ይሉዎታል። ያኔ እኔም እናገራለሁ።"

ስምንት ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን አቁመው ሰብስቤን ያዩታል።

"ሁንዴ ማነው ብለውኝ ነበር" አለች ጉዲቱ። "የእኔን ወንድም አላወቁትም። አሁን ግን እርስዎን የማያውቅ ሰው የለም። ከወለንጪቲ እስከ ዝዋይ።"

ሰብስቤ ፊቱን አዙሮ ወጣ። ከኋላው ስምንቱም መኪኖች በአንድ ጊዜ ተነሡ።

ኅዳር ላይ ዝውውር ጠይቆ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄደ። የሄደ ዕለት ጉዲቱ ግማሽ ቀን አስፈቅዳ፣ የዓመት በዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘችው። ከመስኮቱ ትይዩ ቆማ ታየው ነበር። እሱ አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ ጋዜጣ የሚያነብ መሰለ። "ጋዜጣው ተገልብጦ ነበር" ትላለች እስከ ዛሬ፣ በኩራት።

የሬዲዮው ነገር ቀረ። "ትራክተር" የሚባል ዘፈን ማንም አልቀረጸም፣ ማንም አላሰማም። ያሰበችው ደረሰላት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላለቀም። ታኅሣሥ ላይ ቡድኑ፣ "ግጥሙ ያንቺ ነው፣ ነይና እንደ መጀመሪያው አድርገሽ በይው" ብሎ ጠራት። ሄደች። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ መቶ የሚሆን ሰው ነበር። መርዳሳ ጀሪካኑን ገለበጠ። ጉዲቱ ጀመረች፦ "ወለንጪቲ ቆሞ ሻዩን ሳይጨርስ…"

ከኋላ አንድ ሰው፣ ለፍቅር፣ እሷን ለማስደሰት ብሎ፣ "ሃቱ!" አለ።

አዳራሹ ፈነዳ። ሰው እየሳቀ ተደጋገፈ። መርዳሳ እጁን አነሣ፣ ዝም እንዲሉ ለመነ፤ እሷ ግን ከለከለችው። እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሲጨርሱ እጅ ነሥታ ወረደች። ግጥሙን ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት ብላው አታውቅም፤ ከዚያ ምት ጋር ሳቁ ተጣብቆ ቀርቷል። የሰብስቤን አፍ ስታዘጋ የራሷንም ዘግታዋለች።

የሺዓለም ፈራ ተባ እያለች አንድ ቀን ጠየቀቻት። "እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጨሽም?"

ጉዲቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"ሁለት ቀን አልቅሻለሁ" አለች። "ስድስት ወር ስቄያለሁ። በእሱ አፍ 'ትራክተር' ሲባል ከምሰማ በማንም አፍ ባይባል ይሻለኛል። ሁንዴንም ብትጠይቂው እንደዚሁ ነው የሚልሽ። አሁን ያንን ሰማያዊ ጨርቅ አቀብዪኝ።"